ቡና ያቀናው ሰፈር

ለንደን ውስጥ ገንዘብ የሚውልበት ሰፈር ስፋቱ ከአንድ ስኩዌር ማይል እምብዛም አይበልጥም። የከተማው ሰው «ሲቲ» ብቻ ብሎ ይጠራዋል። በዚህች ቁራሽ መሬት ላይ አክሲዮን ይሸጣል፣ ይለወጣል፤ ከሩቅ ምሥራቅ እስከ ደቡብ አሜሪካ የሚመላለሱ መርከቦች ኢንሹራንስ ይገባሉ፤ የወርቅ ዋጋ ይቆረጣል። ቀን ቀን ሠራተኛ ይርመሰመስበታል፤ ሲመሽ ጭር ይላል። የዚህን ሁሉ ሥራ ጅማሬ የሚፈልግ ሰው ደጋግሞ የሚደርሰው አንድ ዓይነት ደጃፍ ላይ ነው፦ ቡና ቤት።

ታሪኩን አስቀድሜ በመጽሐፍ አውቀው ነበር። በእግር ሲሄዱበት ግን ሌላ ነው። ቡናን ካበቀለች አገር ወጥቼ፣ ቡና በተራው ምን እንዳበቀለ በዓይኔ ሳይ ልቤ ተነካ፤ ከሰፈሩም ጋር ፍቅር ያዘኝ። ይህን ማስታወሻ የምጽፈው፣ ለንደን የሚደርስ አንባቢ ከቤተ መንግሥቱና ከትልቁ ሰዓት አልፎ ለእነዚህ ቅያሶች አንድ ቀን እንዲሰጣቸው ብዬ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሰምርኔስ የመጣው አገልጋይ

መነሻዬ «ባንክ» የሚባለው የምድር ባቡር ጣቢያ ነው። ከምድር በታች ብቅ ሲሉ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው በባለ ዓምዱ ሮያል ኤክስቼንጅ ላይ ነው። ከማማው ጫፍ በወርቅ የተለበጠ ትልቅ ፌንጣ ነፋስ ወደመራው ይዞራል፤ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያውን የንግድ አዳራሽ በቦታው ያሠራው የቶማስ ግሬሻም ቤተሰብ ምልክት ነው። ከሕንፃው በስተ ደቡብ የሚያልፈው ጎዳና ኮርንሂል ይባላል።

በኮርንሂል ጥቂት እንደሄዱ የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ግንብ ይታያል። ከጎኑ ልብ ካላሉት የሚታለፍ ጠባብ መግቢያ አለ። ገባ ስል የአውቶቡሱ ጩኸት ከኋላዬ ቀረ፤ ሰማዩ ጠበበ፤ ኮቴዬ ከግድግዳ ግድግዳ ያስተጋባ ጀመር። ከጥቂት እርምጃ በኋላ ቀላ ያለ ድንጋይ የለበሰ፣ ፋኖስ የተንጠለጠለበት መጠጥ ቤት ቆሟል። ስሙ ጃማይካ ዋይን ሐውስ ነው፤ ሕንፃው የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ ዛሬ የሚሸጠውም ወይንና ቢራ ነው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ ግን የለንደን የመጀመሪያው ቡና ቤት በ1652 በዚህ ቦታ እንደነበረ ይናገራል። የቡና ቤቱ ምልክት የባለቤቱ የፓስኳ ሮዜ ራስ ነበር። ሰሌዳው ሥር ያለውን ድንጋይ ዳሰስኩት፤ ቀዝቃዛና ሻካራ ነው።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። ዳንኤል ኤድዋርድስ የሚባል የሌቫንት ኩባንያ ነጋዴ ነበር፤ ኩባንያው ከኦቶማን ቱርክ ግዛት ጋር የሚነግዱ የእንግሊዞች ማኅበር ነው። ኤድዋርድስ በመጽሐፍ ቅዱስ ሰምርኔስ በምንላት፣ በዛሬዋ ኢዝሚር ተቀምጦ ሲነግድ ቡና ለመደ። ወደ ለንደን ሲመለስ ቡና የሚያፈላለትን አገልጋዩን ፓስኳ ሮዜን ይዞ መጣ። ጠዋት ጠዋት ቡናው ሲፈላ ወዳጅ፣ ጎረቤትና የንግድ ሸሪክ ይሰበሰብ ጀመር። እንግዳው ከቀን ወደ ቀን ሲበዛ ኤድዋርድስ ሥራ መሥራት አቃተው፤ ስለዚህ ሮዜ ውጭ ቡና እየሸጠ እንዲተዳደር አደረገ። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ አንዲት ዳስ ተተከለች። ቡና ሲፈላ ጎረቤት እንደሚሰበሰብ ለእኛ የሚያስረዳን አያስፈልግም፤ ያ የለንደን ነጋዴ ግን ቡናው ሰው ይዞ እንደሚመጣ ገና ያን ጊዜ ነው ያወቀው።

የአካባቢው ቢራ ሻጮች ደንበኛ ሲቀንስባቸው፣ ይህ ባዕድ በከተማው ውስጥ የመነገድ መብት የለውም ብለው ለከንቲባው አቤት አሉ። መፍትሔ ተገኘ፦ መብቱ ያለው ክርስቶፈር ቦውማን የሚባል፣ የኤድዋርድስ አማት ሠረገላ ነጂ፣ ከሮዜ ጋር በሽርክና ገባ። ሥራውም ቀጠለ።

ሮዜ ያሳተመው በራሪ ወረቀት እስከ ዛሬ ተጠብቆ አለ። ቡና ለጨጓራና ለራስ ምታት እንደሚበጅ፣ እንቅልፍ እንደሚያባርር፣ ተቃጥሎ ተፈጭቶ በውኃ ከፈላ በኋላ ሰው በሚችለው መጠን ትኩሱን መጠጣት እንዳለበት ይመክራል። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ይህ ፍሬ የሚበቅለው በዐረብ በረሃ ብቻ ነው ይላል። እዚህ ላይ ስደርስ ከፋን አሰብኩ፤ ከትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ዝናብ በማይለየው ጫካ፣ በእርጥብ ቅጠል ላይ የሚረግፈውን ቀይ ቡና አሰብኩ። ለንደን ያወቀችው ከወደብ ጀምሮ ያለውን ታሪክ ብቻ ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የየመን ሱፊዎች ለሌሊት ጸሎት እንዲያነቃቸው ይጠጡት ነበር፤ ከዚያ በሞካ ወደብ ተጭኖ፣ በቀይ ባሕር ወጥቶ፣ በካይሮ አልፎ ነው ሰምርኔስ የሚደርሰው። ስዊድናዊው ሊኔዎስም በ1753 ለተክሉ ሳይንሳዊ ስም ሲሰጥ ዐረቢካ አለው። ወደቡ ስሙን አስመዘገበ፤ ጫካው ሳይጠራ ቀረ።

በአንድ ፔኒ ወንበር

ከቡና በፊት የለንደን ሰው ቀኑን የሚጀምረው በቀላል ቢራ ነበር፤ የከተማው ውኃ አይታመንም ነበር። ቡና ሲመጣ የፈላ ውኃና የነቃ አእምሮ አብረው መጡ። ነጋዴ ከጠዋት ጀምሮ ሳይሰክር ሰው መሀል ተቀምጦ ማውራት ቻለ። የመግቢያው ዋጋ አንድ ፔኒ ነበር። ፔኒውን የከፈለ ሰው ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ክፍት ያገኘው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ከጎኑ መርከበኛ፣ ሐኪም፣ ጸሐፊ ወይም መኳንንት ሊሆን ይችላል። ጋዜጣ ይነበባል፣ የወደብ ወሬ ይሰማል፣ ክርክር ይሞቃል። ሴቶች ከባለቤትነትና ከአስተናጋጅነት በቀር ከጠረጴዛው ዙሪያ ቦታ አልነበራቸውም፤ ይህ የዘመኑ ጉድለት ነው። የሮዜ ዳስ ከተተከለች 11 ዓመት በኋላ፣ በ1663፣ በሲቲ ክልል ብቻ 82 ቡና ቤቶች ነበሩ።

ሰው ተሰብስቦ ሲያወራ የሚሰጋ መንግሥት ደግሞ በየአገሩ አይጠፋም። ንጉሥ ዳግማዊ ቻርለስ በ1675 ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ቡና ቤቶች ሁሉ እንዲዘጉ አወጀ፤ የሐሰት ወሬ መፍለቂያ ሆነዋል ተባለ። ተቃውሞው ስለበረታ አዋጁ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት በጥር ወር መጀመሪያ ተነሣ። ከዚያ ቀደም ሲል በ1511 የመካ ገዥ ቡናን ከልክሎ ነበር። በእኛም አገር በደጋው ክርስቲያን ዘንድ ቡና መጠጣት ለረጅም ዘመን እንደ ነውር ሲቆጠር ኖሮ፣ የተለመደው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ነው። ክልከላ የገጠመው መጠጥ በየአገሩ ከልካዮቹን በዕድሜ በልጧቸዋል።

ከኮርንሂል ማዶ፣ በእርሱና በሎምባርድ ጎዳና መካከል ቼንጅ አሊ የሚባል መተላለፊያ አለ። እንደ ጉንዳን ጎጆ ወዲያና ወዲህ ይታጠፋል። ዛሬ የቢሮ የኋላ በርና የሚያጨሱ ሠራተኞች መቆሚያ ነው። እዚያው አካባቢ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ወዳጄ አብሮኝ ነበር። ሰሌዳዎቹን እየተዟዟርን ስናነብ «አየህ፣ እኔ እዚህ ምሳዬን የምበላበት ቦታ ላይ ነው ለካ የዓለም ገበያ የተጀመረው» አለኝ። ማጋነኑ ትንሽ ነው።

በዚህ መተላለፊያ ጆናታንስ የሚባል ቡና ቤት ነበር። በ1698 የአክሲዮን ደላሎች በጩኸታቸው ምክንያት ከሮያል ኤክስቼንጅ ሲገፉ ወደ ጆናታንስ ተሰበሰቡ። በዚያው ዓመት ጆን ካስታንግ የሚባል ደላላ የአክሲዮኑን፣ የወርቁንና የውጭ ምንዛሪውን ዋጋ በአንዲት ወረቀት እያተመ ማውጣት ጀመረ። ያቺ ወረቀት ቀላል አትምሰላችሁ። ከዚያ በፊት ዋጋ በጆሮ ይንሾካሾካል፤ ሩቅ ያለ ሰው በቅርብ ያለውን ማመን ግድ ይሆንበታል። ወረቀቷ ከወጣች በኋላ ግን አምስተርዳም ያለ ነጋዴ የለንደንን ዋጋ አንብቦ ይወስናል። በ1748 የተነሣው ቃጠሎ ቅያሱን ሲበላ ጆናታንስም ነደደ፤ ተመልሶ ተሠራ። በ1773 ደላሎቹ የራሳቸውን ሕንፃ ሠርተው ገቡ፤ መጀመሪያ «አዲሱ ጆናታንስ» አሉት፣ ቆይቶ የአክሲዮን ገበያ ተባለ። የለንደን ስቶክ ኤክስቼንጅ የዘር ሐረጉ ከቡና ጀበና ይነሣል።

እዚያው አጠገብ ጋራዌይስ የሚባል ቡና ቤት ሐራጅ ይካሄድበት ነበር። አንድ ኢንች የምታህል ሻማ ትለኮሳለች፤ ተጫራቾች ዓይናቸውን ከነበልባሏ ሳይነቅሉ ዋጋ ይጨምራሉ፤ ነበልባሏ ድርግም ስትል የመጨረሻውን ዋጋ የጠራ ሰው ዕቃውን ይወስዳል። ጢሷ ወደ ታች ስታዘነብል ሻማዋ ልትጠፋ መሆኑን ያወቀ ሰው እስከዚያች ቅጽበት አፉን ይዞ ይጠብቃል። በዚሁ ቤት ቶማስ ጋርዌይ በ1650ዎቹ መጨረሻ ለለንደን ሰው ሻይ መሸጥ ጀመረ። የቡናን ወንበር የሚወርሰው መጠጥ የገባው በቡናው በር ነው።

የሎይድ ወረቀት

ኤድዋርድ ሎይድ በ1680ዎቹ መጨረሻ በታወር ጎዳና ቡና ቤት ከፈተ። ወደ ወንዙ ስለሚቀርብ ደንበኞቹ የመርከብ አለቆች፣ ባለ መርከቦችና የባሕር ነጋዴዎች ነበሩ። በ1691 ወደ ሎምባርድ ጎዳና ተዛወረ፤ ቦታውን የሚያመለክት ሰሌዳ ዛሬም አንድ ሱቅ ግድግዳ ላይ ይገኛል። ሎይድ ራሱ ኢንሹራንስ ሸጦ አያውቅም። ያቀረበው ጠረጴዛ፣ ቀለምና ወረቀት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የታመነ ወሬ ነው። ወደ ወደቡ ሰው እየላከ የትኛው መርከብ እንደገባ፣ የትኛው እንደዘገየ፣ የትኛው እንደሰመጠ ያስጠይቅ ነበር። በ1696 ይህን ወሬ በጋዜጣ ማውጣት ጀመረ፤ ጋዜጣው ብዙ አልቆየም። እርሱ በ1713 ከሞተ በኋላ ግን ደንበኞቹ ልማዱን ይዘው በ1734 ሎይድስ ሊስት የተባለውን አወጡ፤ ይህ ኅትመት ዛሬም በኢንተርኔት ይወጣል።

የኢንሹራንሱ አሠራር እንዲህ ነው። አንድ መርከብ የጫነው ሀብት ቢሰምጥ አንድን ነጋዴ ከሥሩ ይነቅለዋል። ስለዚህ ደላላው የመርከቡን ስም፣ የጭነቱን ዋጋና የጉዞውን መንገድ የጻፈበትን ወረቀት ይዞ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል። አንዱ «ከአደጋው ይህን ያህል እጅ እኔ እሸከማለሁ» ብሎ ከሥሩ ይፈርማል፤ ሌላው ይቀጥላል፤ ወረቀቱ ሲሞላ መርከቡ ይነሣል። ዕድር ለሚያውቅ ሰው የነገሩ ነፍስ ወዲያው ይገባዋል፦ የአንዱ ሐዘን ለብዙ ትከሻ ሲካፈል ይቀላል። ልዩነቱ ከቡና ቤቱ የተወለደው የኢንሹራንስ ገበያ፣ ሎይድስ፣ የደረሰውን አደጋ ሁሉ እየመዘገበ፣ ከመዝገቡ ደግሞ የነገውን አደጋ ዋጋ እያሰላ መሄዱ ነው።

ከሎምባርድ ጎዳና በእግር ጥቂት ደቂቃ ሄዶ የዛሬው ሎይድስ ሕንፃ ይገኛል። አርክቴክቱ ሪቻርድ ሮጀርስ የነደፈው፣ በ1986 የተመረቀ ነው። ቱቦው፣ ደረጃውና አሳንሰሩ ሁሉ ከውጭ ነው፤ ውስጡ ለአንድ ሰፊ አዳራሽ ተለቋል። ሰው ፊት ለፊት ተገናኝቶ እንዲነጋገር ሲባል ነው፤ ቡና ቤቱ እንደነበረው። የሕንፃው ባለ ካፖርት አስተናባሪዎች ዛሬም «አስተናጋጅ» ነው የሚባሉት። በአዳራሹ መካከል በ1799 በሆላንድ ጠረፍ ከሰመጠችው ሉቲን መርከብ በ1858 የወጣ ደወል ተሰቅሏል፤ በቀድሞው ልማድ መጥፎ ወሬ ሲመጣ አንዴ፣ ጠፋች የተባለች መርከብ ስትመለስ ሁለቴ ይደወላል። የሰመጡ መርከቦች ስም በላባ ብዕር የሚጻፍበት መዝገብም አለ።

ይህን ሰፈር የሚወድ ሰው ሌላውንም ገጽ መግለጥ አለበት። በእነዚያ ጠረጴዛዎች ላይ ኢንሹራንስ ከተገባላቸው መርከቦች ብዙዎቹ አፍሪካውያንን በሰንሰለት አስረው ወደ ካሪቢያን ደሴቶች የሚጭኑ ነበሩ። የሮዜ ዳስ በነበረችበት ቦታ በኋላ የተከፈተው ጃማይካ ቡና ቤት ስሙን ያገኘው ከዚያው ንግድ ደንበኞቹ ነው። በዘመኑ የለንደን ጋዜጦች ላይ ከጌታቸው ያመለጡ ሰዎች ሲፈለጉ፣ ያገኘ ሰው ወደዚህ ወይም ወደዚያ ቡና ቤት እንዲያመጣ ማስታወቂያ ይወጣ ነበር። ሎይድስ በባሪያ ንግድ ለነበረው ድርሻ በ2020 ይቅርታ ጠይቋል። ያ ሁሉ ጭካኔ ዛሬ በማስረጃ የሚታወቀው በአብዛኛው፣ ጭካኔውን የፈጸሙት ሰዎች ራሳቸው ሁሉን ነገር ይጽፉ ስለነበር ነው።

ሻይ ሲነግሥ

አሁን የሎይድስ ሕንፃ የቆመበት መሬት የማን እንደነበር ሳውቅ ተገረምኩ። የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ዋና ጽሕፈት ቤት ነበር፤ በ1861 ነው የፈረሰው። በ1600 በንግሥት ኤልሳቤጥ ቻርተር የተመሠረተው ይህ ኩባንያ ከአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ ወዲያ ላለው ንግድ ብቸኛ መብት ነበረው፤ ጦር ሠራዊት አሰልፎ አገር እስከ መግዛት ደርሷል። የገቢው ዋልታ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከቻይናዋ ካንቶን የሚመጣው ሻይ ነው።

እንግሊዝ ቡናን ትታ ወደ ሻይ የዞረችበት ምክንያት ከምላስ ይልቅ ከመርከብ ጋር የተያያዘ ነው። ደች ቡናን በጃቫ፣ ፈረንሳዮች በካሪቢያን አለሙ። እንግሊዞች ግን የቻይናን ሻይ በብቸኝነት ያስገባሉ፤ ስለዚህ ነጋዴውም መንግሥቱም ሻይ ገፉ። ሻይ መቁላትና መውቀጥ አይፈልግም፤ አንድ ጭብጥ ቅጠል ለብዙ ስኒ ይበቃል፤ ሴቶችም ቤታቸው አፍልተው ጠጡት።

ይህን ለማየት ከሲቲ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ስትራንድ ጎዳና ሄድኩ። ከትልቁ የፍርድ ቤት ሕንፃ ፊት ለፊት የትዋይኒንግስ ሱቅ አለ። በሩ ላይ የተጋደመ አንበሳና ግራና ቀኝ ሁለት ቻይናውያን ተቀርጸዋል። ውስጡ እንደ ኮሪደር ጠባብና ረጅም ነው፤ የቤተሰቡ ሥዕሎች ከግድግዳው ይመለከታሉ፤ መጨረሻው ላይ ሻይ ይቀመሳል። ቶማስ ትዋይኒንግ በ1706 እዚሁ ጀርባ የነበረውን ቶምስ ቡና ቤት ገዝቶ ነበር ሻይ መሸጥ የጀመረው። ከቀማሹ ጠረጴዛ ላይ ወፍራሙንና ጠቋራውን የአሳም ሻይ ቀመስኩ፤ ምላስ ላይ የሚቆይ ነው።

በዚያ ዘመን መንግሥት በሻይ ላይ የጣለው ቀረጥ እስከ 119 በመቶ ደርሶ ስለነበር አገሩ በኮንትሮባንድ ተጥለቀለቀ፤ በ1784 ወደ 12.5 በመቶ ሲወርድ ኮንትሮባንዱ በአንድ ጊዜ ተዳከመ። የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ የተከማቸበትን ሻይ ወደ አሜሪካ እንዲልክ በ1773 በወጣው ሕግ ሲፈቀድለት ደግሞ፣ ሳይወከሉ መቀረጥ ያስመረራቸው የቦስተን ሰዎች ታኅሣሥ 16 ቀን ማታ 342 ሣጥን ሻይ ባሕር ውስጥ ጣሉ። ከዚያ የተነሣው ጠብ በአብዮት አልቆ ዩናይትድ ስቴትስ ተወለደች።

ቻይና ለሻይዋ የምትቀበለው ብር ነበር። ብሩ የሳሳበት ኩባንያ በቤንጋል ኦፒየም አስበቅሎ በሐራጅ ሸጠ፤ የግል ነጋዴዎች ደግሞ በስውር ወደ ቻይና አስገቡት። ሕዝብ በሱስ ሲነደፍ የንጉሡ እንደራሴ ሊን ዜሹ በ1839 ከ20,000 በላይ ሣጥን ኦፒየም ወርሶ አጠፋ። እንግሊዝ በጦር መልስ ሰጠች፤ በ1842 በናንኪንግ ውል ሆንግ ኮንግን ወሰደች፣ አምስት ወደቦችን አስከፈተች። ከሰዓት በኋላ በጸጥታ የሚጠጣ ስኒ ሻይ እንዲህ ያለ ጦርነት ከኋላው አለ።

በግሪኒች፣ በወንዙ ዳር፣ የሻይ ዘመን የመጨረሻዋ ውበት ቆማለች፦ ከቲ ሳርክ። መርከቧ ውኃ በሌለው መትከያ ውስጥ ወደ ሦስት ሜትር ከፍ ተደርጋ ስለተሰቀለች ከሥሯ ገብቶ መቆም ይቻላል። አንገቴን አቅንቼ ሳይ የመዳብ ቀለም ያለው ሆዷ ከላዬ ተዘርግቷል፤ ከፊት እንደ ቢላ ስለት ይቀጥናል፤ ምስማሮቹ ተራ በተራ ይታያሉ። ለፍጥነት የተሠራ አካል መሆኑን ማንም ሳይነግርህ ታውቃለህ፤ የዓመቱን የመጀመሪያ ሻይ ቀድሞ ያስገባ ጥሩ ዋጋ ያገኛልና። በመጀመሪያ ጉዞዋ ከሻንጋይ ወደ 600,000 ኪሎ የሚጠጋ ሻይ ይዛ መጥታለች።

ነገር ግን መርከቧ ውኃ የነካችው በኅዳር 1869 ነው፤ ስዊዝ ቦይ የተከፈተውም በዚያው ወር ከአምስት ቀን በፊት። በቦዩና በቀይ ባሕር የሚያልፉት ባለ እንፋሎቶቹ መርከቦች ናቸው፤ ባለ ሸራዋ በአፍሪካ ደቡብ መዞር ግድ ሆነባት፤ ጥቂት ዓመታት ሻይ ጭና ወደ ሱፍ ተዛወረች። እኔን የያዘኝ ሐሳብ ሌላ ነበር። በዚያው ወር ጣሊያናዊው ጁሴፔ ሳፔቶ በአሰብ ባሕረ ሰላጤ መሬት ለመግዛት ተዋውሏል፤ ከጀርባው ሩባቲኖ የመርከብ ኩባንያ ነበር። ቦዩ ቀይ ባሕርን የዓለም ጎዳና ሲያደርገው በዳሩ ያለ መሬት ሁሉ ዋጋ አወጣ፤ የዚህ መዘዝ እስከ ዐድዋ ዘልቋል። ከቲ ሳርክን ጡረታ ያስወጣው ያው ጎዳና የእኛንም ደጃፍ አንኳኳ።

የስኳሩ መጋዘን

ሻይ በእንግሊዝ ቤት ያለ ስኳር አልተጠጣም። ስኳሩ የት ይራገፍ እንደነበር ለማየት ወደ ካነሪ ዋርፍ፣ ወደ ዌስት ኢንዲያ መትከያ መሄድ ነው። መትከያው በ1802 የተከፈተ ነው። ከስኳር መጋዘኖቹ አንዱ ዛሬ የዶክላንድስ ሙዚየም ሆኗል። ጡቡ ወፍራም፣ መስኮቱ በብረት የታጠረ፣ ወለሉን የተሸከመው እንጨት ከሰው ገላ የሚወፍር ነው። ስለ ስኳርና ባርነት የሚናገረው ክፍል በ2007 ተከፍቷል፤ ከለንደን ተነሥተው ሰው ሊጭኑ የሄዱ መርከቦች ስም ግድግዳው ላይ ተዘርዝሯል። ከመጋዘኑ ፊት የባሪያ አሳዳሪው የሮበርት ሚሊጋን ሐውልት ቆሞ ነበር፤ በሰኔ 2020 ተነሣ።

እዚህ ከተማርኩት ሁሉ ያጽናናኝ አንድ ነገር አለ። በ1791 ፓርላማው የባሪያ ንግድን የሚያስቆም ሕግ ሳይቀበል ሲቀር፣ የእንግሊዝ ቤተሰቦች የካሪቢያንን ስኳር መጠቀም ተዉ። ዘመቻውን በየቤቱ ያራመዱት ሻይ የሚቀዱት ሴቶች ናቸው፤ ድምፅ የመስጠት መብት አልነበራቸውም፤ ስኒያቸው ግን በእጃቸው ነው። የዘመቻው ታጋይ ቶማስ ክላርክሰን ተሳታፊዎቹን ወደ 300,000 ገምቷቸዋል። የባሪያ ንግዱ በ1807 በሕግ ታገደ። ቡና ቤቱ ካገለላቸው ሴቶች የሻይ ጠረጴዛው ለፍትሕ የሚቆም ኃይል አወጣ።

ወንበሩና ብዕሩ

ይህን ሰፈር ዞሬ የያዝኩት እምነት ይህ ነው፦ መጠጥ ዓለምን የሚለውጠው በዙሪያው በሚቀመጠው ሰውና በሚጻፈው ነገር ነው። ቡና በየመን፣ በካይሮና በኢስታንቡልም ሰው ሰብስቧል፤ በእኛ ቤት ደግሞ ከዚያ ሁሉ የሞቀ ጉባኤ አለው። የለንደን ቡና ቤቶች የጨመሩት ካስታንግ የዋጋ ወረቀቱን፣ ሎይድ የመርከብ ወሬውን በየጊዜው እየጻፉ ማውጣታቸውን ነው። ጨዋታው መዝገብ ሆነ፤ መዝገቡ እምነት ሆነ፤ እምነቱ ገበያ ሆነ።

ያ ብዕር ዛሬም በአብዛኛው በሌላ እጅ ነው። ዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት በ1963 የተቋቋመው ለንደን ነው። የሮቡስታ ቡና ዋጋ የሚቆረጠው በለንደን ገበያ፣ የዐረቢካው በኒው ዮርክ ነው። ጅማ ወይም ይርጋ ጨፌ ያለ ገበሬ ለቀይ ቡናው የሚከፈለው ሒሳብ ከእነዚያ ሰሌዳዎች ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። በ2008 አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ዋጋን በአደባባይ አስነግሯል፤ የካስታንግ ወረቀት የሠራችውን ሥራ በእኛ ቋንቋ መሥራት የጀመረ ነውና ይበል የሚያሰኝ ነው።

ለንደን የምትሄዱ፣ ወደ ሲቲ የምትወጡት በሥራ ቀን ይሁን፤ ቅዳሜና እሑድ ብዙው ይዘጋል። ከቅዱስ ሚካኤል መተላለፊያ ጀምራችሁ፣ በቼንጅ አሊ አድርጋችሁ፣ ሎይድስ ፊት ለፊት ቁሙ፤ ከሰዓት በኋላውን ለግሪኒችና ለዶክላንድስ ስጡት። ስትመለሱ ደግሞ አንድ ነገር አድርጉልኝ። የከፋን ጫካ፣ የሐረርን ገበያ፣ የጅማን የቡና ነጋዴዎች የሚያውቁ አዛውንቶች ዛሬም በየሰፈራችን አሉ፤ ቡና ተፈልቶ ሲጫወቱ ደብተርና እስክሪብቶ አስቀርቡ። የሮዜ በራሪ ወረቀት ቡና በዐረብ በረሃ ብቻ እንደሚበቅል ሲጽፍ እርማት የሚሰጥ ከእኛ ወገን አልነበረም። አሁን አለን፤ ጫካውን የሚያውቅ ሰው ራሱ ይጻፈው።